በደብተር ጀርባ የተጻፈ የምስጢር ቁጥር

ስቶክሆልም ቡና ስንጠጣ «ብሔራዊ ባንክ ዲጂታል ብር ያወጣል፣ አያወጣም» እያሉ የሚከራከሩ ወገኖቼ አንድ ቀን ጎንደር ፒያሳ ካለ የባንክ መስኮት ፊት ቢቆሙ ደስ ይለኛል። ክርክሩ ሁሉ ስለ ቴክኖሎጂው ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ስለተቀመጠው ልጅ የሚያነሳ የለም።

ባለፈው ክረምት አክስቴን ተከትዬ ወደ አንድ ቅርንጫፍ ገባሁ። ገንዘብ ከፋዩ ትሁት ወጣት ነው፤ «እማማ፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ ወንበር አስመጣላቸው። ባለሁለት መቶ ብሩን በአውራ ጣቱ ሲቆጥር ለዓይን ያስቸግራል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጃቸው የላከላቸውን ስልክ ተቀብሎ የባንኩን መተግበሪያ ጫነ፣ የምስጢር ቁጥሩንም ራሱ መረጠላቸው፤ እንዳይረሱት ብሎ ደግሞ በቁጠባ ደብተራቸው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። አራት አሃዝ፣ ከጎኑም «የሞባይል» የሚል ማብራሪያ። ሌባው እንዳይቸገር መሆኑ ነው!

«ምነው እንዲህ?» ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ የወሩ ኮታዬ አልሞላም» አለኝ፤ ሳያፍር። እውነቱን ነው። ስንት ሰው መዘገብህ ይሉታል እንጂ የመዘገብካቸው ሰዎች ተጠቀሙበት ወይ የሚለው የለም። አክስቴም መተግበሪያውን አንድም ቀን አልከፈቱትም።

ነገሬን አላቆምሁም። «ብሔራዊ ባንክ የራሱን ዲጂታል ብር ቢያወጣስ ለእነዚህ እናቶች ምን ትላቸዋለህ?» ስለው «ቴሌብር አለ አይደል እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ እሱ ግን የኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ ብሔራዊ ባንክ የሚያወጣው ሌላ ነገር ነው። በባንክ ሒሳባችን ያለው ገንዘብ ባንኩ ለእኛ ያለበት ዕዳ ነው። ማዕከላዊ ባንክ የሚያወጣው ዲጂታል ገንዘብ ግን፣ ልክ እንደ ወረቀቱ ብር፣ የማዕከላዊ ባንኩ የራሱ ዕዳ ነው። አክስቴ ይህን የማወቅ ግዴታ የለባቸውም። «ልጄ፣ ይሄ ብር የት ነው የተቀመጠው?» ብለው የሚጠይቁት ግን እሱን ነው።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰው ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ ወደ ዲጂታሉ ብር ካዛወረ የቅርንጫፉ ተቀማጭ ይቀንሳል። ተቀማጭ አምጣ ተብሎ በየወሩ የሚገመገም ሠራተኛ ተቀማጩን የሚያሸሽበትን ነገር በየትኛው አንጀቱ ያስተዋውቃል? ይህን ከማንም አልሰማሁም፤ ስብሰባ ላይ ቢነሳ ደስታዬ ነው።

በስቶክሆልም የእኔ ቅርንጫፍ ያለችው ሠራተኛ፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው የምታየው በጥርጣሬ ነው፤ ወንበር የሚያስመጣልህም የለም። ነገር ግን የምስጢር ቁጥሬን ስጽፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሁልጊዜ። ማንም ቆሞ አይቆጣጠራትም፤ እጇ እንደለመደው ነው የምታደርገው። እኔን የሚያናድደኝም የሚያስቀናኝም ይኸው የአንገት መዞር ነው።

የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ፣ በ1668 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ በዓለም ካሉት ሁሉ አንጋፋው ነው። ኢ-ክሮና የተባለውን ዲጂታል ገንዘቡን ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ሲሞክር አንድ የንግድ ባንክ አብሮ እንዲሞክር አስገብቶ ነበር። ኢንተርኔት በሌለበት መክፈል ይቻል እንደሆነም ፈትሿል። ከዚያ ሙከራውን ዘጋ፤ ኢ-ክሮና ዛሬም የለም። ይህን ያደረገው መብራት የማይጠፋበት አገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየበት የጎንደር ሰው፣ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ከሰላምታ እኩል የለመደው፣ ያለ ኢንተርኔት ስለመክፈል ከስዊድኖቹ በፊት መጠየቅ የነበረበት እሱ ነው።

ናይጄሪያ በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ኢ-ናይራ የተባለውን የማዕከላዊ ባንኳን ዲጂታል ገንዘብ ስታወጣ ጭብጨባው ከፍተኛ ነበር። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ግን፣ የትኛውንም ሳምንት ብትወስዱ ከተከፈቱት የዲጂታል ቦርሳዎች 98.5 በመቶው አንድ ጊዜ እንኳ አልተነኩም። ሳነበው የአክስቴ ስልክ ትዝ አለኝ።

የልጁ ጥፋት ነው አልልም። ማንም አላስተማረውም፤ «እኛም የምንሰማው ከሬዲዮ ነው» አለኝ። ሥልጠና ይሰጠው እንጂ ኮታ አይጨመርበት! ከተናገርሁ ዘንድ የራሴንም ልጨምር። እዚያው ከተማ ሌላ ባንክ የከፈትሁት የዳያስፖራ ሒሳብ አለኝ፤ የምስጢር ቁጥሩ ተዘጋብኝ። ከስቶክሆልም ብደውል «በአካል ይቅረቡ» ተባልሁ። በስንት ደጅ ጥናት ከኤምባሲ ውክልና አሠርቼ ለወንድሜ ላክሁለት። አሁን ደግሞ ውክልናው አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዶ ካልተረጋገጠ አንቀበልም ብለውታል፤ ለአራት አሃዝ! ወንድሜ የአውሮፕላኑን ትኬት እኔ እንድቆርጥለት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ብሬ ያለው እዚያው የተዘጋው ሒሳብ ውስጥ ነው።