«ጅሬን ይውሰዱት» አለኝ

ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። በዚያ ዝናብ የአሮጌ ኮምፒውተሬን ኬዝ ላስቲክ አልብሼ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌ መርካቶ ድረስ ሄድኩ። ለስድብ!

ልጁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ኬዙን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ኬዙን አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፔንቲየም 4። ባትሪዋን ቀይርልኝ፣ ኢንተርኔትም አልገባ ብሎኛል።»

«ዋይፋይ አለው?»

«የኬብል መሰኪያ አለው።»

«ጋሼ፣ ጅሬን ይውሰዱት። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቢያስቀምጡት ፈረንጅ ከፍሎ ያየዋል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ የመጣች ሴትዮ ሳትቀር! ስቃ ስትጨርስ ደግሞ «ይከብዳል አይደል?» አለችኝ፣ አዝና። ለመሆኑ ጋሼ ማን ነው? ሠላሳ ስምንቴ ነው!

ጣለው እንዳትሉኝ። የአባቴ ጽሑፍ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ። ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል አጻጻፍ (ዩኒኮድ) ስላልሆነ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው የፈረንጅ ፊደልና የዶላር ምልክት ይዘረግፍብኛል። እዚያው ፒዲኤፍ አድርጌ ለእህቴ በኢሜይል ልልክላት ነው። በፍላሽ አውጣዋ ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ! አሁን ነገሩ የኢሜይል አይደለም፣ የእልህ ነው።

ኬብሉን ራውተሩ ላይ ስሰካው መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለች። መስመሩን በፒንግ ትእዛዝ ስፈትሸው ይመልሳል። እልል ልል ስል አንድም ገጽ አይከፈትም። ለካ ሰዓቱ ነው። ሲአር2032 የምትባለው፣ ሳንቲም የምታክል የማዘርቦርድ ባትሪ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር (እሱን እናንተው ቁጠሩት) ማሽኑ በፈረንጅ 2001 ላይ ይነሳል። የድረ ገጹ ሰርተፊኬት (መታወቂያው በሉት) በ2001 ገና አልተወለደም፣ ስለዚህ ማሽኑ አላምንህም ይለዋል። ሰዓቱን በእጄ አስተካከልኩ። አሁንም እምቢ! ማሽኑ ላይ ያለው የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፣ እሱ ላይ የሚሄደው የመጨረሻው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ነው። ብሮውዘሩ ከገጾች ጋር በምስጢር የሚነጋገርበትን ቲኤልኤስ የሚሉትን ቋንቋ የሚያውቀው እስከ 1.0 ድረስ ነው፣ አብዛኞቹ ገጾች ደግሞ ከ1.2 በታች አናናግርም ብለዋል። ማሽኑ ምን አጠፋ? ቁልፉን የቀየሩት እነሱ!

አንዴ በስንት መከራ አንድ የአማርኛ ገጽ ተከፈተልኝ። ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን። ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አይመጣም፣ ኒያላ የምትባለው የግዕዝ ፎንት የመጣችው ከኤክስፒ ቀጥሎ ከወጣው ቪስታ ጋር ነው።

ባለፈው ወር ደግሞ ሌላው ሱቅ «ለሁሉም ይሠራል» ብሎ የዩኤስቢ ዋይፋይ ሸጠልኝ። የሚያሠራው ፕሮግራም (ድራይቨሩ) ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ላለው ብቻ ነው። ሲዲውን ባለቤቴ የጀበና ማስቀመጫ አድርጋዋለች። እሱስ ጠቀመ።

ለኤክስፒ የሚሆን ማይፓል የሚባል ብሮውዘር አለ፣ ላፕቶፑ ላይ አውርጄዋለሁ። ግን ሰዓቱ ወደ 2001 እየተመለሰ ምን ዋጋ አለው?

በንዴት ኬዙን አንስቼ ከልጁ ሱቅ ወጣሁ፤ ባትሪዋን አለመግዛቴ ትዝ ያለኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። ነገ እዚያው ልመለስ ነው። ኬዙን ግን አልይዘውም።