«ሥር» ከሒሳብ ክፍል የሚባረርበት ምክንያት የለም

በየካ አባዶ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሰሞኑን በተካሄደ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ፣ አንድ የሒሳብ መምህር «የ25 ሥር 5 ነው» ብለው ግድግዳ ላይ የለጠፉት ጽሑፍ እንዲነሣና ቃሉ በ«ሩት» እንዲተካ ተወስኗል። የቀረበው ምክንያት «ሥር የዛፍ ስለሆነ ልጆችን ያደናግራል» የሚል ነው።

ይህን ያሉት ሰዎች «ሩት» ራሱ በእንግሊዝኛ የዛፍ ሥር መሆኑን ዘንግተውታል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚም በአልጀብራ መጽሐፉ፣ በራሱ የሚባዛውን ያልታወቀ ቁጥር የጠራው «ጂዝር» ብሎ ነው፤ ይህም በዓረብኛ ሥር ማለት ነው። የላቲኑ «ራዲክስ» እንዲሁ። የብዙ ቋንቋዎች ሒሳብ ከዛፍ ሥር የተዋሰውን ቃል፣ የእኛ ልጅ ብቻ አይችለውም መባሉ ንቀት ነው።

ያው ልጅ በሳይንስ ክፍል ስለ ደም ሥር፣ በታሪክ ስለ ሥርወ መንግሥት ይማራል፤ የጥርሱ ሥር ሲያመው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ በዜና ስለ ሥር ነቀል ለውጥ ይሰማል፤ ቤቱ በየትኛው ወረዳ ሥር እንደሆነም ያውቃል። ድንች ለሥነ ሕይወት መምህሩ ከመሬት በታች ያበጠ ግንድ እንጂ ሥር አይደለም፤ ጉልት ላይ ግን ከካሮቱና ከቀይ ሥሩ ጎን «ሥራ ሥር» ተብሎ ይሸጣል። ልጁ ሁለቱንም ይዞ ይኖራል፣ አንድ ቀንም አልተደናገረም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜም ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ተሰባበረ የሚሉት ቃላት ሁሉ ስ፣ ብ፣ ር ከተባሉ ሦስት ተነባቢዎች እንደሚወጡና የሥነ ልሳን ምሁራን እነዚህን ሥር እንደሚሏቸው ሊነገረው ይገባል። በዚህ ሰፈር ለቤት መሠረት ሲቆፈር፣ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ዙሪያውን እንደገና ሲያቆጠቁጥ ያላየ ልጅ የለም። ከታች የቀረው የላዩን እንደሚያወጣ በዐይኑ ላየ ተማሪ፣ 5 በራሱ ተባዝቶ 25ን እንደሚሰጥ ለማስረዳት ከ«ሥር» የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል?

በእርግጥ መምህሩ የቁጥርን ሥር ከእኩልታ ሥር፣ ማለትም እኩልታውን እውነት ከሚያደርገው ቁጥር፣ መለየት አለባቸው፤ ኤክስ ካሬ 25 ሲሆን እኩልታው 5 እና -5 የተባሉ ሁለት ሥሮች አሉትና። ይህ ግን የማስተማር ሥራ ነው፤ «ሩት» ቢባልም ልዩነቱ እዚያው ይጠብቃቸዋል።

ስብሰባው በአቋሙ የሚጸና ከሆነ፣ የሳይንስ መምህሯ ነገ «ደም ሥር»ን በምን እንዲተኩት እንደሚያዝ ለወላጆች በጽሑፍ ያሳውቀን።