ነርስ መሆኔን ስንቴ ነው የማስረዳው?

ወገን ዛሬ በጣም ከፍቶኛል፣ ልተንፍሰው። አሜሪካ በነርስነት ለመስራት ፕሮሰስ ከጀመርኩ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው፣ እስካሁን ኤንክሌክስ፣ ማለትም የአሜሪካን የነርስነት ፈቃድ ፈተና፣ ለመቀመጥ እንኳን አልደረስኩም። ፈተናውን አልጠላም። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ በ5 ሰአት ነው፣ የሰው ነፍስ እጁ ላይ የሚወድቅ ሰው መፈተን አለበት። እኔን የጨረሰኝ ከፈተናው በፊት ያለው ወረቀት ነው።

ትራንስክሪፕቱን (የኮሌጅ ውጤቴን) እኔ መላክ አልችልም። ከተማርኩበት ኮሌጅ ታሽጎ፣ ፖስታው ላይ ማህተም ተመቶበት የውጭ አገር ትምህርትን ለሚመዝነው ድርጅት፣ ለገምጋሚው፣ በቀጥታ መሄድ አለበት። እሺ ብዬ ናይቴን ከሰው ጋር ተቀያይሬ ከጎንደር ኮሌጁ ያለበት ከተማ ድረስ ሄድኩ። ፎርሙ ለየኮርሱ ስንት ሰአት ክፍል ውስጥ፣ ስንት ሰአት ሆስፒታል እንደተማርኩ ይጠይቃል። ሪጅስትራሯ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ "እህቴ፣ እኛ ጋ ያለው ክሬዲት አወር ነው፣ እንዲህ የተዘረዘረ የለንም፣ ዲፓርትመንት ጠይቂ" አለችኝ። ዲፓርትመንት ሃላፊው ስብሰባ ናቸው። በነጋታውም ስብሰባ። ፈቃዴ አለቀና ተመለስኩ። በኋላ በስንት ልመና በስልክ ተጨቃጭቄ ሲላክ ገምጋሚው የክሊኒካል ሰአቱ (ሆስፒታል የተማርኩበት) ባዶ ነው ብሎ መለሰው።

ባዶ! ሌሊቱን ሙሉ ማዋለጃ ክፍል የቆምኩት፣ ጤና ጣቢያ ወርደን ክትባት ስንሰጥ የዋልነው ሁሉ ባዶ። እኔ ያለሁባት ጎንደር እኮ ደምቢያ ላይ ወባ ህዝቡን ከፈጀው በኋላ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት፣ ያኔም ተማሪዎቹ በቡድን ገጠር ወርደው እየሰሩ ነው የተማሩት። የአገራችን ነርስ የሚማረው እንዲህ ነው፣ ግን ሰአቱን ቁጭ ብሎ የሚመዘግብ የለም፣ ለዚህ ደግሞ የምቀጣው እኔ ነኝ።

ስሙስ? የአባቴ ስም ዲግሪዬ ላይ በኬ፣ ፓስፖርቴ ላይ በኪው ተጽፏል። በአማርኛ አንድ ቀ ነው! ለዛች ፊደል ፍርድ ቤት ሄጄ ሁለቱም አንድ ሰው ነች የሚል ማስረጃ አወጣሁ፣ ማስረጃው ደግሞ ተተርጉሞ መረጋገጥ አለበት።

ብሩንማ ተዉት። ለፈተናው 200 ዶላር፣ ከአሜሪካ ውጪ ለሚፈተን 150 ተጨማሪ፣ እሱም እዚህ አይሰጥም፣ ፕሌን ተሳፍሮ ሌላ አገር ነው። ይሄን ስጀምር ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ100 አለፈ፣ ደሞዜ ግን እንደዛ እጥፍ አልሆነም። የሚከፍልልኝ ካርድ ያለው ዘመድ እየለመንኩ ነው፣ እሱንም ሰለቸሁት መሰለኝ።

"አገርሽን ትተሽ ለምን ትሄጃለሽ" የምትሉኝ እባካችሁ ዛሬ ተዉኝ።

አሁን የሚያንገበግበኝ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ አይኤልቲኤስ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት አመት ብቻ ነው፣ የእኔ በሚቀጥለው ወር ይሞላል። ሌሊት ከተረኛ ክፍል እየወጣሁ፣ ስፒኪንግ ብቻዬን ከመስታወት ጋር እያወራሁ ያመጣሁት ውጤት ነው። ዛሬ ጠዋት ሪጅስትራር ደወልኩ፣ ባዶ ተብሎ የተመለሰው ፎርም ዲፓርትመንት ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አልተፈረመም አሉኝ።