ምክክሩ ከንድፉ በፊት ይምጣ

በልማት ፕሮጀክት ሰነዶች ውስጥ የነዋሪዎች ተሳትፎ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋገጠው በስብሰባ ፎቶግራፍ፣ በተሰብሳቢዎች ፊርማና በቃለ ጉባኤ ነው። ሦስቱም ሰው መሰብሰቡን ያሳያሉ። ሰዎቹ ከተናገሩ በኋላ ምን እንደ ተለወጠ ግን አይናገሩም። ለጋሾችና መንግሥታት ተሳትፎን መለካት ያለባቸው በዚህ ጥያቄ ነው። በቦታ፣ በመጠን፣ በጊዜ ወይም በበጀት ላይ አንዳች ለውጥ ያላመጣ፣ ለምን እንዳላመጣም በጽሑፍ ያልተብራራ ምክክር ለገንዘብ መልቀቂያ ማስረጃ ሆኖ መቅረብ የለበትም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከጊዜ ሰሌዳው ነው። የአካባቢና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ ፕሮጀክቱ ግምገማ ያስፈልገው እንደሆነ ይለያል፣ የጥናቱ ወሰን ይወሰናል፣ ነባራዊ ሁኔታው ይጠናል፣ ተጽዕኖው ይተነበያል፣ አማራጮች ይወዳደራሉ፣ በመጨረሻም ጉዳቱ እንዴት እንደሚቀነስና ክትትሉ እንዴት እንደሚካሄድ የሚያሳይ የአካባቢ አስተዳደር ዕቅድ ይዘጋጃል። ነዋሪው መግባት ያለበት ወሰኑ ሲወሰን ነው፤ ያኔ የግድቡ ቦታ፣ የመንገዱ መስመር ወይም የሚከለለው ደን ገና አልተቆረጠም። በተግባር የሚጠራው ግን ረቂቅ ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ ነው። ለንድፉ ተከፍሏል፣ የብድሩ መፈራረሚያ ቀን ደርሷል፣ አማካሪ ድርጅቱም የቀረው የምክክሩን ምዕራፍ መሙላት ብቻ ነው። አንዲት እናት ተነስታ መስመሩ ምንጩን ያደርቃል ብትል እንኳ፣ መስመሩን ለማዞር የተያዘ ገንዘብም ጊዜም የለም።

መመሪያ ጠፍቶ አይደለም። የዓለም ባንክ የቀድሞው መመሪያ ከፍተኛ ተጽዕኖ ላላቸው ፕሮጀክቶች ቢያንስ ሁለት ምክክሮችን፣ የመጀመሪያውንም የጥናቱ ዝርዝር ተግባር (ጥናቱ ምን እንደሚመረምር የሚወስነው ሰነድ) ከመጽደቁ በፊት ይጠይቅ ነበር። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት ማዕቀፍ ደግሞ ተሳትፎው በፕሮጀክቱ ዘመን ሁሉ እንዲቀጥል ያዛል። ችግሩ ትእዛዙ ወደ አማካሪው ውል አለመውረዱ ነው። ውሉ የመጀመሪያው ዙር ምክክር ውጤት ሳይቀርብ የንድፍ ክፍያ እንደማይለቀቅ ከደነገገና መስመር ለመቀየር የሚውል መጠባበቂያ ከያዘ፣ የስብሰባው ጠባይ በአንድ ጊዜ ይለወጣል።

የነባራዊ ሁኔታው ጥናትም ተመሳሳይ ሕመም አለበት። ባለሙያዎች በደረቅ ወቅት ለሁለት ሳምንት መጥተው የሚሞሉት ሰንጠረዥ የጎርፍን ወሰን፣ በክረምት ብቻ የሚፈሰውን ጅረትና የከብቶችን መተላለፊያ አይዝም። ይህን የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው። ሴቶች፣ ወንዶች፣ አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች ለየብቻ የአካባቢያቸውን ካርታ ይሳሉ፤ ከዚያም ከመሐንዲሱ ካርታ ጋር ይነጻጸር። ለየብቻ መሆኑ ግድ ነው፤ ማገዶና ውሃ የሚቀዳበት ስፍራ በጋራ ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ቀጥሎ መስመሩን አብሮ በእግር መሄድ ያስፈልጋል፤ በወረቀት ላይ ባዶ የሚመስለው መሬት መቃብር ወይም የግጦሽ ቦታ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ሲዘለል ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ በሕንድ የናርማዳ ወንዝ ላይ የተሠራው የሳርዳር ሳሮቫር ግድብ አሳይቷል። የዓለም ባንክ ለግድቡ የሚሆነውን ብድር በ1985 (እ.ኤ.አ.) አጸደቀ። ባንኩ ያቋቋመው ነፃ አጣሪ ቡድን በ1992 ባወጣው ሪፖርት የተፈናቃዮች ሰፈራና የአካባቢ ጥናቱ በቂ እንዳልነበሩ አስታወቀ። በ1993 ሕንድ የቀረውን ብድር ሳትወስድ ቀረች፤ በዚያው ዓመት ባንኩ ተጎጂዎች በቀጥታ የሚያመለክቱበትን የምርመራ ፓነል አቋቋመ።

የመወሰን ሥልጣን ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ ኔፓል ጥሩ ማሳያ ናት። የ1993ቱ (እ.ኤ.አ.) የደን ሕግ የአካባቢው ነዋሪዎች ያሉባቸው የደን ተጠቃሚ ቡድኖች የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብና የደን አጠቃቀም ዕቅድ አውጥተው ደኑን እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ። ገቢውም የራሳቸው ነው፤ ቢያንስ ሩቡ ለደኑ ልማት መዋል አለበት። ዛሬ እነዚህ ቡድኖች ከ20,000 በላይ ናቸው። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ኮሚቴ ውስጥ ባሉ ባለጸጎች እጅ ሲገባ ደኑ ይዘጋል፣ ማገዶ ሌላ ቦታ የማያገኘው ድሃ ቤተሰብም ተጎጂ ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም የክልከላ ደንብ ከመጽደቁ በፊት ከደኑ በየቀኑ የሚወስዱት እነማን እንደሆኑና በክልከላው ዓመታት ከየት እንደሚያገኙ መጻፍ አለበት።

የኒጀር ደቡባዊ ክፍል ትምህርት ደግሞ የባለቤትነት ነው። ዛፍ የመንግሥት ንብረት ተብሎ በቆየበት ዘመን ገበሬው በማሳው የሚያቆጠቁጠውን ግንድ ያጸዳ ነበር፤ ቢያድግ አይጠቀምበትምና። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ ዛፉ የራሱ መሆኑን ሲያምን፣ ከሕያው ሥር የሚወጡትን ቡቃያዎች መርጦ ጥቂቶቹን አስቀርቶ መግረዝ ያዘ። ችግኝ ሳይገዛ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የእርሻ መሬት እንደገና ዛፍ ለበሰ።

ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ያለው ክትትል ከሁሉም ይበልጥ ቸል የተባለ ነው። ነዋሪዎች ሊለኩት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ፦ ዝናብ፣ የውሃ ድፍርስነት፣ በጉድጓድ ውስጥ ያለው የውሃ ጥልቀት። ጥልቀቱ ሁልጊዜ በአንድ ጉድጓድ፣ ጠዋት ሰው ሳይቀዳ መለካት አለበት፤ ከተቀዳ በኋላ የሚገኘው ቁጥር የከርሰ ምድሩን ደረጃ አይነግርም። ልኬት ብቻውንም ዋጋ የለውም። የጉድጓዱ ውሃ ምን ያህል ዝቅ ሲል ፕሮጀክቱ በፓምፕ የሚስበውን ውሃ እንደሚቀንስ፣ ማን እንደሚያዝዝና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚፈጸም ቀድሞ በዕቅዱ ውስጥ ካልሰፈረ፣ የተመዘገበው ቁጥር ቢሮ ገብቶ ይቀራል፤ መዝጋቢውም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሰለቻል።

ቅሬታም እንዲሁ ነው። የቅሬታ ሣጥኑ በሥራ ተቋራጩ ካምፕ ውስጥ ተቀምጦ ቁልፉ በተከሳሹ እጅ ከሆነ ማንም ወረቀት አይጨምርበትም። ለአመልካቹ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይሰጠው፣ የምላሹ ቀን ይጻፍለት፣ መጻፍ የማይችል በቃሉ ያመልክት፣ መልስ ያላገኙ ቅሬታዎች ዝርዝርም ከየወሩ የክፍያ ጥያቄ ጋር ለገንዘብ ሰጪው ይላክ። ተቋራጩ ክፍያው በዚያ ዝርዝር ላይ መንጠልጠሉን ሲያውቅ፣ አቧራውን በውሃ ለማርጠብም ሆነ የተሰበረውን የመስኖ ቦይ ለመጠገን ሌላ ስብሰባ አያስፈልግም።