ክብር ለባለማህተሙ

ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጢን አለ። የፓርቲ መግለጫ ነው። "ድርጊቱን በጥብቅ እናወግዛለን" ይላል፣ ሎጎ አለው፣ ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው። እሺ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ቡና እንኳን ሳልጠጣ ሌላ መጣ። ያው ፓርቲ፣ ያው ሎጎ፣ ማህተሙ ግን ጠመም ያለ፣ ማታ የወጣው መግለጫ "ማህተማችንን በሕገወጥ መንገድ የያዙ ግለሰቦች" ሥራ ስለሆነ እሱንም በጥብቅ እናወግዛለን ይላል። መጀመሪያ የተወገዘው ነገር ምን እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። ለናንተም ደርሷችኋል፣ ያልገባበት ግሩፕ የለም።

ሰው ሁሉ ሲሳደብ ዋለ። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። የተቃዋሚ ፓርቲ ሊቀመንበርነት እኮ ቀልድ አይደለም፣ ሙያ ነው። መጀመሪያ አንዱ ፓርቲ ውስጥ ሕዝብ ግንኙነት ሆነህ ትገባለህ፣ ከዛ ሊቀመንበሩ አምባገነን ነው ብለህ ትወጣለህ፣ የራስህን ትመሰርታለህ፣ የድሮው ስም ላይ "እውነተኛ" ምናምን የምትል ቃል ትጨምርበታለህ፣ በዓመቱ ጥለኸው ከወጣኸው ፓርቲ ጋር ህብረት ትፈጥርና ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቃቅፋችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ተብሎ ይጨበጨባል፣ በሦስተኛው ሳምንት ድሩ እርስ በርሱ ተተብትቦ አንበሳው ቁጭ ብሎ ያያል። አንተ ያኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብተህ የእራት ፕሮግራም ላይ ነህ፣ አንገትህ ላይ የነበረው ሻርፕ በዶላር ይጫረታል። አዲስ አበባ ደግሞ ያንተው ሕዝብ ግንኙነት አምባገነን ነህ ብሎ ወጥቷል። በ2010 "ተቃዋሚ" መባሉ ቀርቶ "ተፎካካሪ" ሲባል የተሻሻለው ስሙ ብቻ ነው፣ ፉክክሩማ ድሮም ነበረ፣ እርስ በርስ።

ፅናታቸውን ደግሞ እዩልኝ። በ2002 ምርጫ ከ547 የፓርላማ ወንበር ተቃዋሚው አንድ አገኘ። ሊቀመንበራችን ንቅንቅ አላለም። በ2007 ያቺ አንዷም ሄደች፣ ዜሮ! ሊቀመንበራችን አሁንም ሊቀመንበር ነው። የኛ የ2007 ምርጫ ሊደረግ ሁለት ሳምንት ከምናምን ሲቀረው እንግሊዞችም መርጠው ነበር፣ ኤድ ሚሊባንድ የሚባለው የሌበር መሪ ተሸነፈና በማግስቱ ስልጣኑን ለቀቀ። በማግስቱ! ከ200 በላይ ወንበር አግኝቶ እኮ ነው። ሞኝ፣ ማህተሙን ይዞ ቤቱ መሄድ እንደሚቻል የነገረው ሰው የለም።

ወደ ማህተም ከገባን አይቀር፣ እኔ የማደንቀው አንድ ዓይነት ሊቀመንበር አለ፣ ታውቁታላችሁ። ጠቅላላ ጉባኤው ሲያወርደው አይጮህም፣ አይከራከርም፣ ዝም ብሎ ማህተሙን ኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይከትና ይወጣል። ከዛ ቀን ጀምሮ ኮቱን አያወልቅም። በሚያዝያ ሙቀት ኮት፣ ለቅሶ ቤት ኮት፣ ሰርግ ላይ እስክስታ ሲመታ እንኳን አንድ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሚስቱ አንድ ቀን ተኝቶ ሳለ ኮቱን ዘፈዘፈችው፣ የቤቱ ልብስ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ፣ የልጁ የክርስትና ነጠላ ሳይቀር "በጥብቅ እናወግዛለን" የሚል መሰለ። ትንሹ ልጅ ማህተሙን አግኝቶ የሒሳብ ደብተሩ ላይ መታበት፣ መምህሩ ኤክስ ያደረጉትን መልስ ማህተም ስላለው ብለው ራይት አደረጉት። አዲሱ አመራር በበኩሉ ማህተም ጠፋብን ብሎ ደብዳቤ ፃፈ፣ ደብዳቤው ማህተም የለውም ተብሎ ተመለሰ። እንደገና ፃፉ፣ ማህተም የሌለው ማህተም ስለጠፋብን ነው አሉ፣ እሱንም በማህተም አስደግፉ ተባሉ። በመጨረሻ ሽማግሌ ላኩበት። ሊቀመንበሩ ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥቶ፣ እርቁን አልቀበልም የሚል ደብዳቤ ፅፎ፣ ማህተም መትቶ ሸኛቸው። በሕጉ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመስረት የ10 ሺህ መስራች አባላት ፊርማ ያስፈልጋል። 10 ሺህ ሰው ፈርሞ፣ ፓርቲው ያለው አንድ ኪስ ውስጥ።

አይ፣ ቆይ፣ እዚህ ጋ ቀልዱ ይቅርብኝ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ድምፅ ልሰጥ ሳይነጋ ወጥቼ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ አንዲት እናት ዱካ ይዘው መጥተው ነበር፣ እግራቸው አያስቆማቸውም፣ ወደ ቤት ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ከዛ ሰኔ መጣ፣ ጥቅምት መጣ፣ ውጤቱን የተቃወመ ሕዝብ ላይ ተተኮሰ፣ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ራሱ 193 ሰው ተገደለ ብሎ ቆጠረ። የተኮሰው ማን እንደሆነ አልረሳሁም፣ እሱ የራሱ ሂሳብ አለበት። ግን ያ ሁሉ ደም ሳይደርቅ ስሙ የኔ ነው ማህተሙ የኔ ነው ብሎ መካሰስ ምን ይሉታል? ዛሬም በናንተ ስም ፖስተር የለጠፈ የገጠር ልጅ ይታሰራል፣ እናቱ ስንቅ ታመላልሳለች፣ እናንተ ሊቀመንበር ማን ነው ብላችሁ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ ናችሁ! አታፍሩም?

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። እኛ ደጋፊዎችም ምስጋና ይገባናል እኮ፣ ሁለቱንም መግለጫ ሳናነብ ሼር ያደረግነው እኛው ነን፣ አንዱ ጎረቤቴማ የማታውንም የጠዋቱንም ላይክ አድርጎ አይቼዋለሁ።

ባለፈው የዕድራችን ማህተም ተሰንጥቆ አዲስ ላስቀርፅ ሄድኩ። ቀራጩ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲሰራ የቆየውን አንስቶ ወረቀት ላይ ሞከረው፣ ሎጎውን ሳይ ያ ፓርቲ ነው።

"ሁለተኛው ነው?" አልኩት።

"አራተኛው ነው ጋሼ። ናሙናውን መጣል ትቻለሁ፣ መምጣታቸው አይቀርም። የናንተስ ስንት ይሁን?"

"አንድ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "አንድ ብቻ?"