የምልከታውን ሁለት ሳምንት መልሱ

ሰሞኑን አንድ የትምህርት ኃላፊ ስለ ቅድመ አንደኛ ደረጃ እጩ መምህራን አዲሱ ምደባ ሲያስረዱ፣ እጩዎቹ ክፍል ከመያዛቸው በፊት የክፍሏ መምህርት ስትሠራ ተቀምጠው የሚያዩበት የሁለት ሳምንቱ የክፍል ምልከታ መቅረቱን ነገሩን። እጩዎቹ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምረው ክፍል ይይዛሉ። ምክንያቱ ሲጠየቁም «ሕፃን ማጫወት የወለደች ሁሉ የምታውቀው ነው» አሉ።

እናት የምታውቀው የራሷን ልጅ ነው። ልቅሶው የርሃብ ይሁን የእንቅልፍ ከሌላ ክፍል ሆና ትለያለች። እጩዋ የምትረከበው ግን ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸውን 50 ሕፃናት ነው።

እጅ ማስታጠብን ብቻ እንይ። አንድ ሕፃን በሳሙና በደንብ እስኪታጠብ 20 ሰከንድ ይፈልጋል። 50ው በአንድ ቧንቧ ሲሰለፉ፣ ግፊያውንና ልቅሶውን ሳንቆጥር፣ ወደ 17 ደቂቃ ይሄዳል። ለያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ውኃ ቢደርሰው 25 ሊትር ነው፤ ባለ 20ው ጀሪካን መጨረሻ ላይ የተሰለፉትን ሳይደርስ ያልቃል። ይህን ያየች እጩ በአሥር በአሥር ከፍላ አንዱ ቡድን ሲታጠብ ሌላውን ታዘምራለች፤ ሁለተኛ ጀሪካንም ከጠዋቱ ታስሞላለች። ያላየችው በመጀመሪያው ቀን ትጮኻለች፣ በሁለተኛው አርጩሜ ትይዛለች። አፀደ ሕፃናት የሚረበሸው በትምህርቱ መካከል ሳይሆን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲታለፍ ነው፤ ይህን ደግሞ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ካላዩት በቀር ከሞጁል አያገኙትም።

ፊደሉም እንዲሁ ነው። 231ዱን ገበታ ላይ ሰቅሎ በዜማ ማስባል ቀላል ነው። ሕፃኑ ዜማውን ይይዛል፤ «መ»ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ግን ከ«ሀ» ተነሥቶ ካልቆጠረ አይደርስባትም። የእኛ የኔታዎች ይህን ስለሚያውቁ ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን አመጡ፤ ቅደም ተከተሉን አፍርሰው ሕፃኑ በዜማው እንዳይደገፍ አደረጉት። ስንደዶ አስይዘው አንድ በአንድ ያስነብባሉ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ከመምህሩ ሥር ሳይከርም ወንበር የዘረጋ ማንን ሰምተናል? ለየኔታ ያልተፈቀደ ለሃያ ዓመት ልጅ በምን ሒሳብ ተፈቀደ? እጩዋ «ነ»ን እና «ኘ»ን፣ «ተ»ን እና «ቸ»ን በአንድ ቀን ማስተማር ሕፃኑን ዓመቱን ሙሉ እንደሚያምታታው የምታየው የክፍሏ መምህርት አራርቃ ስታስተምር ነው። እንጅባራ አካባቢ ደግሞ ቤቱ አዊኛ ብቻ የሚሰማ ሕፃን ዝም ሲል «ደካማ» ብላ ከመጻፏ በፊት፣ ዝምታው የቋንቋ መሆኑን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

መቁጠሪያ ብላ ባቄላና አተር ይዛ የምትገባም አለች። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ገብቶ ቀኑ ጤና ጣቢያ ያልቃል። የተቆራረጠ የበቆሎ ቆረቆንዳ በነፃ የሚገኝ ነው።

የመምህራን እጥረቱ እውነት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ መክረሙም እውነት ነው። ታዲያ ተኩስ ሰምቶ የከረመ፣ በር በኃይል ሲዘጋ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ሕፃን ምንም ላላየች እጩ የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነው? በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የ2 ዓመት እርከን አድርጎ ከአጠቃላይ ትምህርት ውስጥ አስገብቶታል። ማጫወቻ ቢሆን ኖሮ እርከን ባላስፈለገው ነበር።

ምልከታው እስካሁን እጩዎች ኋላ ተቀምጠው ማስታወሻ የሚገለብጡበት ብቻ ሆኖ እንደነበር አልክድም። ያ የሚታረመው የሚያዩትን በመስጠት ነው። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆማ ሕፃኑን ማን እንደሚያመጣው፣ ማን እንደሚወስደው ትመዝግብ። በሦስተኛው አንድ መዝሙር ትምራ። በሁለተኛው ሳምንት ለአሥር ሕፃናት የ10 ደቂቃ ተረት ታውራ። ከዚያ ክፍሉን ለግማሽ ቀን ትረከብ፤ የክፍሏ መምህርት ግን ከክፍሉ አትውጣ፣ ሌላ ክፍል እንድትሸፍንም አትላክ።