ሜትረኗን ከማኔጅመንት ያወጣችሁ ሰዎች ሌሊት ዋርድ ገብታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰሞኑን ጅማ ዙሪያ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ አዲስ መዋቅር ወጥቷል። የነርሲንግ ዳይሬክተር የሚባለው ቦታ ታጠፈ። የነርሶቹ ኃላፊ የሆኑት ሜትረኗ ከማኔጅመንት ኮሚቴው ወጡና በሜዲካል ዳይሬክተሩ ሥር አስተባባሪ ተባሉ። ሠራተኛው ለምን ብሎ ሲጠይቅ ነው አንድ ኃላፊ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝን መልስ የሰጡት። ነርስ ሐኪም ያዘዘውን ፈጻሚ ስለሆነ ለብቻው አመራር አያስፈልገውም አሉ። ወጪም ይቆጥባል ተባለ።

የወጪውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ሜትረኗ ደሞዛቸውን እንደሆነ አሁንም ያገኛሉ። የቀረው የኃላፊነት አበል ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ መዋቅር የተናጋው።

ወደ ዋናው ልምጣ። "ያዘዘውን ፈጻሚ" የሚል ቃል ዋርድ ውስጥ፣ በሽተኞች በሚተኙበት ክፍል፣ አንድ ሌሊት ካደረ ሰው አፍ አይወጣም። ጅማ ውስጥ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ የምናገረው ያየሁትን ነው። ሐኪሙ ጠዋት ራውንድ ያደርጋል፣ ቻርቱ ላይ ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። አልፈርድበትም፣ እሱም በሽተኛ በዝቶበታል። የቀረውን ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ከበሽተኛው ጋር ያለችው ግን ነርሷ ናት። አንድ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ተብሎ ይታዘዛል። ማሽን የለም። ሲስተር የእጅ ሰዓቷን እያየች ጠብታውን ትቆጥራለች። 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆነው መስመር በደቂቃ 42 አካባቢ መውረድ አለበት። በሽተኛው ክንዱን ሲያጥፍ ይቆማል። አስታማሚው ደግሞ ቶሎ ይለቅ ብሎ መቆጣጠሪያውን ይከፍተዋል። ተመልሳ ትቆጥራለች። ይህ አንድ አልጋ ነው።

ራሳቸውን ችለው መገላበጥ ያቃታቸው አዛውንት በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጡ ጀርባቸው ይቆስላል። ይህን ቻርት ላይ የሚጽፍ ስንት ሐኪም አለ? የወለደች ሴት ዝም ብላ ተኝታ ሳለ፣ ፊቷ መገርጣቱን አይታ አንሶላውን ገልጣ ደሙን የምታየዋ ነርስ ማን አዟት ነው? ማንም አላዘዛትም። ሙያዋ ነው። ያችን እናት ያተረፋት ይኸው ፈጻሚ የተባለው ሰው ነው።

ነገሩ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የነርሲንግ ተመራማሪዋ ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በፔንስልቬንያ ግዛት ሆስፒታሎች ላይ ያወጡት ጥናት አለ። አንዲት ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2014 እ.ኤ.አ. በ9 የአውሮፓ አገሮች ሲታይም ያው 7 በመቶ ሆነ። አሁን ንገሩኝ፤ ሰው ሲመደብና በጀት ሲከፋፈል "ለሌሊት ዱቲ አንድ ነርስ አይበቃም" ብሎ የሚከራከረው ማን ሊሆን ነው? ሥራ አስኪያጁ? ወይስ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ስብሰባ የሚሮጡት ሜዲካል ዳይሬክተር? ያን ክርክር የምታነሳዋ ሰው እኮ ናት ከጠረጴዛው የተነሳችው። ጓንት ሲያልቅም፣ የዱቲ ክፍያ ሲዘገይም፣ አንድ ነርስ በሽተኛ ፊት ሲሰደብም እንደዚያው ነው። ከእንግዲህ ጉዳዩ የሚደርሰው በሦስተኛ ሰው አፍ ነው፣ ከደረሰ።

በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነርስ ጠፍቶ ብዙ ሆስፒታል ሲቸገር፣ ነርስ የማይለቃቸው 41 ሆስፒታሎች ተመርጠው ተጠኑ። በእነዚህ ቤቶች የነርሶች ኃላፊ ከከፍተኛ አመራሩ ጋር እኩል ትቀመጥ ነበር፤ ነርሱም በሙያው ራሱ ይወስናል። በዚያው ዓመት ነው እዚህ ጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ የተቋቋመው። ከተማችን በምን ይታወቃል? ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ በማስተማር። ቲቲፒ በሚባለው የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም የሕክምናው፣ የነርሲንጉ፣ የፋርማሲውና የላቦራቶሪው ተማሪ አንድ ላይ ጤና ጣቢያ ወርዶ በቡድን ይሠራል። ቡድን ናችሁ ብለን አስተምረን፣ ሲመረቁ አንተ አዛዥ፣ አንቺ ፈጻሚ እንላቸዋለን። በሌላ ከተማ ቢሆን እንኳ ያናድዳል፤ በጅማ ግን ያሳፍራል።

አዎ፣ ነርስ ሁሉ መልአክ አይደለም። ከደዶ ወይም ከሰካ ጨቆርሳ ወረዳ የመጣችን እናት የሚያመናጭቅ አለ፤ አልክድም። ግን እሱን ማን ያርመዋል? ባየሁት ዋርድ ሜትረኗ በርክክብ ሰዓት ብቅ በሚሉበት ጊዜ ተረኞቹ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ፣ በሽተኛውን በስሙ እየጠሩ ይረካከባሉ። ሜትረኗ የማይመጡ ከሆነ ግን መዝገቡ ላይ ይፈረምና አለቀ። ወጪዋ ተረኛ ቦርሳዋን አንስታ ትሄዳለች፣ ገቢዋ ተረኛ የትኛው በሽተኛ ሌሊቱን ትኩሳት እንደነበረው አታውቅም። የሙያ ባህል ማለት ይኼ ነው። በሰርኩላር አይመጣም።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. እንዲሠራበት ባወጣው የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ራሱ የናቀው ሰው በየት በኩል ነው አክባሪ የሚሆነው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ነርሷን አስታማሚው የሚያመናጭቃት፣ ጥበቃው ሳይቀር የሚያዛት፣ አለቆቿ ሲንቋት ስላየ ነው።

የሆስፒታሉ ቦርድ ይህን መዋቅር መሻር ይችላል። በሚቀጥለው ስብሰባው ይሻረው። ሜትረኗ ወደ ማኔጅመንት ይመለሱ፣ የነርስ ምደባና የዱቲ ፕሮግራም በእሳቸው ፊርማ ይጽና፣ የነርሲንግ ዕቃ ግዢ ሲታቀድም ይጠየቁ። መልሱን የሰጡት ኃላፊም ከመወሰናቸው በፊት ያላደረጉትን አሁን ያድርጉ። አንድ ሌሊት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋት ዋርድ ይቀመጡና ከሲስተር ጋር ጠብታ ይቁጠሩ።